የማይታሰር ጫማ

«ከዚህ በፊት የታመሙት ከባድ በሽታ አለ?» ይላል ቅጹ። ለትምህርት ኔዘርላንድስ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ የርካሹን የግል የጤና ኢንሹራንስ ቅጽ ስሞላ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። እጄ አላመነታም። በቤታችን ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ተሰጥቶ አያውቅም።

ታላቅ እህቴ የሞተችው በልብ ሕመም ነው። እናቴ ግን ለጎረቤት «ድንገተኛ ነው» አለች፤ ዛሬም የምትለው እንደዚያው ነው። እህቴ በሕይወት ሳለችም መታመሟ የቤት ገመና ነበር፤ ሰው ከሰማ ማን ያገባታል? ስለዚህ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር የምታስር ትመስል ነበር። እኔም አብሬያት እቆማለሁ። የሚያልፍ ሰው ካለ «ይቺ ክር ዛሬም አስቸገረችሽ?» እላታለሁ፣ ጮክ ብዬ። ጎበዝ ውሸታም ነበርኩ።

ላክ በሚባለው ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዚህ አገር ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፤ መሰላል ቢሉት ይሻላል። ብርዱ እንደገባ ሰባተኛው ደረጃ ላይ መቆም ጀመርኩ። ብርዱ ነው፣ ቦርሳው ከብዶኝ ነው፣ ስንፍና ነው እያልኩ ሰነበትኩ። ግን በቆምኩ ቁጥር እህቴ አንድ ደረጃ ከኋላዬ ያለች ይመስለኛል፤ ስትተነፍስ እሰማታለሁ። ዞር ብዬ አላይም። እፈራ ነበር።

አከራዬ ዞተርሜር በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ የሚሠሩ፣ በስደት ከመጡ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ሴት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከላይ ሲወርዱ ደረሱብኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጫማዬን እያሰርኩ ነው፣ እትዬ።»

«ዚፕ ያለው ጫማ ምኑ ይታሰራል?»

ጫማዬን አየሁት። እውነታቸውን ነው።

ወጥ ቤታቸው አስቀምጠው ሁሉንም አናዘዙኝ። ሐኪም ጋ ለምን አልሄድሽም ሲሉኝ፣ የግሉ ኢንሹራንስ ከፊት የነበረ በሽታ እንደማይሸፍን፣ «የለም» ማለቴም እንደ ውሸት እንደሚቆጠርብኝ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ባሲሱን ግቢ» አሉ። ባሲስ የሚሉት የአገሩ ሕግ ለነዋሪው ያቆመውን የጤና መድን ነው። «እሱ ድሮ ምን አሞሽ ነበር አይልም። ለመማር ብቻ ለመጣ አይሰጥም እንጂ ትንሽም ሥራ ካለሽ ግዴታሽ ነው። እኛ ጋ ልብስ ማጠቢያው ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ።»

ተረቱን እናቴም ታውቀዋለች። ለጎረቤት ትተርተዋለች።

ሦስት ሳምንት አቅማማሁ። በግሉ እስካለሁ ድረስ ቢያንስ በወረቀት ላይ ጤነኛ ነበርኩ። ባሲሱን መግባት ማለት የእህቴ እህት መሆኔን ማመን ነው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከአከራዬ ጋር ዞተርሜር ሄጄ አንሶላ ማጠፍ ጀመርኩ፤ ኢንሹራንሴንም ቀየርኩ።

ሐኪሙ ደረቴን ከጠበቅሁት በላይ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። በልጅነቴ ሕክምና ነበረኝ ወይ ሲለኝ አላውቅም አልኩ። እህቴን ለልቧ በየወሩ መርፌ ስትወጋ ክሊኒክ እያጀብኩ እሄድ እንደነበር፣ እኔንም «ክትባት ነው» እያሉ ይወጉኝ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። ጠይቄ እመለሳለሁ አልኩት።

በማግስቱ ወደ ሮተርዳም፣ ወደ ትምህርቴ በሚወስደኝ ባቡር ላይ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ እህቴ በየወሩ የምትወጋውን መርፌ እኔም እወጋ ነበር?»

ባቡሩ ዴልፍት ጣቢያ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሁለታችሁም ትወጉ ነበር» አለች። «እሷ ስታርፍ ያንቺን አስቆምኩት። ሁለተኛዋም አለባት እንዳይሉ ብዬ።»

ተናደድኩ። ወዲያው ቅጹ ትዝ አለኝ። እሷ ያደረገችውን እኔም በገዛ እጄ አድርጌዋለሁ፤ ያውም የሚያየኝ ጎረቤት በሌለበት አገር።

ለሐኪሙ እህቴንም መርፌውንም ነገርኩት። ሁሉንም ጻፈና ወደ ልብ ሐኪም ላከኝ። ቀጠሮዬ ገና ነው።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆምኩ። አላጎነበስኩም። የእህቴ ትንፋሽ ከኋላዬ መጣ። ግድግዳውን ተጠግቼ እንድታልፍ መንገድ ለቀቅኩላት።

አላለፈችም። ያኔ እኔ አደርግላት እንደነበረው አብራኝ ቆመች።