ገና ላልተፈጠረ ጫጫታ ይቅርታ

ኤስኲሊኖ ሰፈር ካለው ቤታችን ጎን አንድ ጃፓናዊ ጎልማሳ ተከራይቶ ገባ። በሳምንቱ በራችንን አንኳኳ። ስከፍትለት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ በዝግታ በሚወጣው ጣሊያንኛው።

«ምን አጠፉ?»

«እስካሁን ምንም። ማክሰኞ መደርደሪያ ልሰቅል ግድግዳ እበሳለሁ። ይረብሻችኋል።»

ቀኑ ገና ዓርብ ነበር። ጥቅሉን ስፈታው ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ሐረግ የተጠለፈበት ነጭ ፎጣ ወጣ። አስተጣጠፉ ራሱ ስለሚያሳሳ ልዘረጋው አልደፈርኩም።

አብረውን የሚኖሩት አማቴ ጥርጣሬ ገባቸው። «ሳያጠፋ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌላ ነገር ቢኖረው ነው» አሉ።

ማክሰኞ ከሳሎን ንቅንቅ ሳይሉ ጠበቁ። ረፋዱ ላይ መብሻው ጢርርር አለ፤ ቆመ፤ አንዴ ደገመና ዝም።

«በቃ? ይኸው ነው?» አሉ አማቴ፣ እንደ ተታለለ ሰው። ከላያችን ያሉት ሰዎች ወጥ ቤታቸውን ሁለት ወር ሙሉ ሲያፈርሱ አንዲት ቃል አልተነፈሱልንም ነበር።

ከዚያ የልጄ ክርስትና ደረሰ። ከበሮው፣ እልልታው፣ ቤት ሙሉ እንግዳው፣ ከዚህ በፊት አስቤው የማላውቀው ነገር ሁሉ ያስጨንቀኝ ጀመር።

«አሎራ፣ ታዲያ እኔም ሄጄ ይቅርታ ልበል እንዴ?» አልኩት ባሌን።

«ለእልልታ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ቢሆንም ቅዳሜ ከድፎው ቆርሼ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። እንደ እሱ ጎንበስ እላለሁ ስል ዳቦው ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም።

«ነገ ልጃችን ክርስትና ትነሣለች፤ እንጮኻለን» አልኩት።

«ደስ የሚል ጩኸት ነው» ብሎ ተቀበለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ካፖርቱን ለብሶ ሲወጣ ደረጃው ላይ አገኘነው። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ዋለ። እሱ የተመለሰው አመሻሽ ላይ፣ የመጨረሻው እንግዳ ከሄደ በኋላ ነው።

«ሰውዬውን አባረርነው» አሉ አማቴ። ባሌ ደግሞ «እንደ ልባችን እንድንሆን ብሎ ነው እንጂ» አለ። የቱን እንደምይዝ ግራ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ ተገናኘን። «ትናንት በዚያ ዝናብ ከቤትዎ አስወጣንዎት» አልኩት።

«የለም፣ የለም» አለ ጎንበስ ብሎ። «ለእግር ጉዞ የሚመች ቀን ነበር።»

ፊቱ ላይ ሐሰትም ቅሬታም ፈልጌ አጣሁ። እኔም እንደ እሱ ጎንበስ ብዬ «አዎ፣ ደስ የሚል ቀን ነበር» አልኩት።