የእናቴ ደም የተናገረው

ስልኩ የተደወለው ረፋድ ላይ ነው፤ አርባ ምንጭ፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሜ። የደወለችው በዐቢይ ጾም ፎገራ ላይ ስለ ሰው አመጋገብ ስናጠና አብራኝ የሠራች የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት።

«ስሚ እህቴ፣ አርባ አንድ ቁጥር የሰጠሻትን ሴትዮ ታስታውሻታለሽ? ደሟ ጓያ በጓያ ሆኗል! እግሯ ሳይሽመደመድ ቶሎ ንገሪያት፣ ያንን ጥራጥሬ መብላቱን ትተወው።»

ቁጥሩን የደሙ ብልቃጥ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። አርባ አንድ እናቴ ናት፤ ነፍሷን ይማርና፣ ከተቀበረች ሦስት ወሯ ነበር።

እሷ ቀጠለች። ላቦራቶሪው ውስጥ አንዱን ነጥለው እንደማያዩ፣ ምግቡን፣ አንጀቱን፣ ደሙንና ነርቩን እንደ አንድ አካል አያይዘው እንደሚያነቡ፣ የሁሉም ቃል አንድ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። እናቴ አፈር ለብሳ፣ ደሟ በረዶ ውስጥ ሆኖ ገና ይናገራል።

ያኔ በጥናቱ ጊዜ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን እኔው ነኝ የጠየቅኋት።

«ትናንት ምን በላሽ?»

«እንደ ሰው ነዋ! ምስር፣ ሽምብራ፣ ሩዝም። ደግሞ የሰው ሆድ መቁጠር ጀመራችሁ? የንስሐ አባቴ እንኳ ይህን ያህል አልመረመሩኝም!»

ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ እንዳለችው ጻፍኩ። በአገራችን ስለት የተሳለ ሰው ራሱን በምን እንደሚቀጣ አይናገርም፤ ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ስትነሣ ግድግዳ መያዟንም አይቻለሁ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ገንፍሎ ሜዳውን ሲውጠው፣ ሰው ወደ ጉብታው ሲሮጥ፣ እሷ ባለችበት ቆማ ቀረች። «ውኃው እግሯን ያዛት» አላችሁኝ፣ እናንተ የአገሬ ሰዎች፤ ውኃው ባለቤት አለው የሚሉትን ሰምቼ፣ ወንዝ ባየሁ ቁጥር ሳማትብ ከረምኩ። ለካ ውኃው ሳይደርስ በጓያው ተይዛ ኖሯል።

ከዚያ ጾም በፊት፣ በጥር፣ ታምሜ ወረታ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ሳለ ድኜ ተነሣሁ። በዚያው ሰሞን እናቴ ጣራ ገዳም ወጥታ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ።

አብራችኋት የወጣችሁ እናቶች፣ ስለ እመቤታችን ብላችሁ ንገሩኝ፤ በጓያ ብቻ ልጹም ብላ የተሳለችው ስለ ማን ነው? ስለ እኔ ከሆነም አትደብቁኝ።