በቀዩ አገር የጠፋው ባለጋሪ

ልጅ እያለሁ፣ ደብረ ታቦር ዳር ያለው የጭቃ ቤታችን ግድግዳው በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ የተለበጠ ነበር፤ እናቴ በሊጥ ነበር የምትለጥፈው። ከምድጃው አጠገብ ጭስ ያጠቆራቸው ሁለት ባለቀለም ገጾች ነበሩ። አንዱ ቀለበት ያላት ፕላኔት፣ ሌላው ድንጋያማ ቀይ መሬት፣ መሃሉ ላይ የጎማ ዱካ ያለበት። ባለሱቁ ስኳር ሊጠቀልልባቸው ሲል የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ ብርቄ ለምነው ያመጧቸው ናቸው።

የእቴቴ ዓይን ያኔ እየደከመ ነበር። ማታ ፍሙ ሲቀዘቅዝ እንዝርታቸውን ያስቀምጡና ግድግዳውን እየዳበሱ የወረቀቱን ጠርዝ ፈልገው፣ ጣታቸው ሲያገኘው ተረታቸውን ትናንት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዱካው መንገድ የጠፋበት የአንድ ባለጋሪ ነው። «ዛሬ የት ደረሰ?» እንላቸዋለን።

«ገና ነው። እዚህ ቅርብ ገሳይ ከተማም አልደረሰ፤ ፈረሱ ደክሞበታል።»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የሰማሁትን እየተኩራራሁ ነገርኳቸው። «እቴቴ፣ ይሄ እኮ ማርስ ነው። ሰው የለበትም። ፎቶውን ያነሳው ብቻውን የሚሄድ መኪና ነው።»

«ብቻውን?» አሉ ደንግጠው። «ምነው እስካሁን ሳትነግሪኝ? እንግዲያማ ለእሱም እናውራለት እንጂ።» ከዚያ ወዲህ እንዲሰማ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር የሚያወሩት።

ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ ሲል «አማቾቼ ይስቁብኛል» ብሎ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ግድግዳውን ገሽልጦ አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ገጾቹን ምድጃ ውስጥ ጨመራቸው። እቴቴ ከቅዳሴ ተመልሰው እጃቸውን ሲሰዱ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና መዳፋቸው አረንጓዴ ሆነ።

«ባለጋሪውስ?» አሉ።

«አሮጌ ወረቀት እኮ ነው፣ እቴቴ» አላቸው።

እስኪሞቱ ድረስ ሌላ ተረት አላወሩም። ዘመዶቼ ይቅር በይው ይሉኛል። እንዴት ብዬ? ከዚያ ምድጃ የቀሩልኝ ተረቱና ንዴቱ ናቸው፤ አንዱ ሲመጣብኝ ሌላውም አብሮ ይመጣል።

አሁን ወንድሜ አዳዲሶቹን የማርስ ፎቶዎች በስልኩ እያሳየ «ጥራቱን አየሽው?» ይለኛል፣ ምንም እንዳላደረገ። ባለፈው በዓል ትንሿ ልጁ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ ይሄ ዱካ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችው። ዞሮ አየኝ።

«ንገሪያት እስቲ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ልጅቷ ምን በደለች? ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጀመርኩላት። ባለጋሪው ገሳይ ሊደርስ ሲል ተረቱን አቆምኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አልኳት፣ «አባትሽ መንገዱን ቀለም ቀባበት።»