በገበያ ቀን የተወሰነ መሬት

በደርግ ጊዜ፣ ከገነተ ማርያም ዝቅ ብሎ ካለው ወንዝ ዳር፣ ነጭ ሽንኩርት እተክል ነበር። ባሌ ልጆች ጥሎብኝ ከሞተ ወዲህ ቦዩን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነበርሁ። ከእኔ ማሳ በላይ ያለው የጌሾ ማሳ የነፍስ አባቴ የሽማግሌው ቄስ ነው። መሬት የመንግሥት ነው ከተባለ በኋላ፣ የውሃው ዳር ለማን እንደሚሆን የሚወስነው የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። ውሳኔው የሚሰማው በስብሰባ ብቻ ነው፤ ስብሰባው ደግሞ የሚጠራው በሊቀመንበሩ ፊሽካ።

ስለ ሊቀመንበሩ ደግ ነገር እንድናገር የሚጠብቅ ካለ አይድከም። ከአብዮቱ በፊት የራሱን አጥር ማጠር የሚታክተው ሰው ነበር። ካኪ ኮት ትከሻው ላይ ጣል ሲያደርጉለት ግን የሰው መሬት አከፋፋይ ሆኖ ቁጭ አለ። ደረት ኪሱ ላይ እስክርቢቶ ደርድሮ ይሰካል፤ በአንዱም ሲጽፍ አላየሁ።

አንድ ማለዳ የሚስቱ ወንድም ገመድና ችካል ይዞ ሽንኩርቴን እየረገጠ መጣ። ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው፣ የውሃው ዳር ለችግኝ ማፍያ ሆኗል አለኝ። መቼ ተወሰነ ስለው፣ ቅዳሜ አለ። ቅዳሜ መንገድ የሚችል ሁሉ ላሊበላ ገበያ መሆኑን እንኳን ሊቀመንበር አህያም ያውቀዋል።

ከቄሱ ጋር ሆነን ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድን። ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። እኒያን ሽማግሌ ካህን፣

“ያልመጣ ሰው ተስማምቷል። አንተም ተስማምተሃል” አላቸው።

እኔን ከሽንኩርቴ ይልቅ ያቺ “አንተ” አንገበገበችኝ።

ከዚያ ወዲያ የወንዝ ዳር ሰዎች ተማክረን፣ በየቅዳሜው አንዳችን ከገበያ እየቀረን ፊሽካውን እንድንጠብቅ ተስማማን። ተራዬ በደረሰ ቀን፣ ሊቀመንበሩ ጓሮው ቆሞ ፊሽካውን ኩራዝ እንደሚያጠፋ ሰው እፍ ሲለው አየሁት። ተከትዬው ወደ ስብሰባው ገባሁ። ተሰብሳቢዎቹ ዘመዶቹ ናቸው፤ ከወረዳ የመጣ አንድ ወጣት የግብርና ሠራተኛም አብሮ ተቀምጧል። የዕለቱ ጉዳይ የቄሱ ጌሾ ነበር፤ እሱንም ለችግኝ ብለው ሊወስዱት ነው።

ሊቀመንበሩ ሲያየኝ፣ የሴቶች ስብሰባ ሌላ ቀን ነው አለኝ። ፊሽካው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አነሳሁትና ወጥቼ፣ ወንዙ ቁልቁል ከሚታይበት አፋፍ ላይ ትንፋሼ እስኪያልቅ ነፋሁት። ገበያ ያልወጣው ሁሉ መጣ፤ ሽማግሌው በምርኩዝ፣ እናቶች ልጅ እንዳዘሉ፣ ቄሱም መቋሚያቸውን ይዘው። ግቢው ሞላ።

የግብርና ሠራተኛው ግራ ገብቶት እነማን እንደሆንን ጠየቀ።

“ተስማምተዋል የተባልነው እኛ ነን” አልሁት። “ዛሬ በራሳችን አፍ እንናገር ብለን ነው።”

ቄሱ ተነስተው፣ ጌሾውን ማን እንደተከለው፣ ቦዩን እነማን እንደቆፈሩት ረጋ ብለው ተናገሩ። ወጣቱ ሰምቶ ሲያበቃ ውሳኔው ይቆይ አለ። ያን ጊዜ ያ ፈሪ ሊቀመንበር ላብ ላብ እያለው፣ “አባ፣ ይቀመጡ እንጂ” ሲላቸው ሰማሁ።

የቄሱ ጌሾ ተረፈ። የእኔ ማሳ ግን እንደተወሰደ ቀረ። ችግኙ የሚያጠጣው አጥቶ በበጋው ደረቀ፤ የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም በቦታው የራሱን በርበሬ ተከለበት፤ ማንም አልጠየቀውም። ስብሰባው ወደ ሐሙስ ዞረልን፤ ያተረፍነው ይኸው ነው።

ደርግ ሲወድቅ ሊቀመንበሩ ካኪውን አውልቆ ነጠላ አጣፋ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀድሞ የሚሳለመው እሱ ነው። ሰላም ሲለኝ እመልስለታለሁ፤ የእግዜር ሰላምታ አይነፈግም። ስለ ልጆቼ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት ግን አልፌው እሄዳለሁ።