ጋሽ ቶሎሳ እና የፋሲካዋ ዶሮ ክንፍ

የባዮሎጂ መምህራችን ጋሽ ቶሎሳ በሁዳዴ ማብቂያ ላይ አርፈዋል። አዳማ አውቶቡስ ተራ ስሰማ «ውሸትሽን ነው!» ብዬ የነገረችኝ ልጅ ላይ ጮህኩባት። እሳቸውና ሞት አይገጥሙልኝማ!

እሳቸው ዘንድ የተማራችሁ ታውቃላችሁ፤ በዓል ሲደርስ የሚቁነጠነጡት ለአጥንት ነበር። «ግጡና አምጡልኝ!» ይሉናል። ለፋሲካም ለኢድም ክፍሉ ሉካንዳ ሉካንዳ ይሸታል። የዶሮ እግር ከዝዋይ ዳክዬ እግር ጎን ያስቀምጡና «ስሙን በኋላ ትሸመድዱታላችሁ፤ መጀመሪያ ምን ይሠራል? አንዱ ይጭራል፣ አንዱ ይቀዝፋል!» እያሉ ይዘላሉ። መምህር ሲዘል ያየሁት ያኔ ነው።

ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ግንባር ነበር። እናቴ «ትምህርቱ ይበቃታል፣ ሞጆ እህቴ ሱቅ ትግባ» ብላ ቆረጠች። ጋሽ ቶሎሳ ሊለምኗት የፋሲካ ዕለት መጡ። እናቴ መላላጫውን አክብራ አቀረበችላቸው። እሳቸው ግን ወደ ክንፉ ጠቆሙ።

«ምነው መምህር፣ ቅር አሰኘሁዎት?»

ክንፉን ግጠው በየመገጣጠሚያው ይፈታቱት ጀመር፤ ወጡ እስከ ክርናቸው ወረደ። የመጡበትን ጉዳይ ጭራሽ ረሱት! እኔ በንዴት ልፈነዳ።

«ሽማግሌ ነው የመጣልሽ ወይስ ሐኪም?» አለች ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ።

ጋሽ ቶሎሳ ወደ እናቴ ዞሩ። «እትዬ አስካለ፣ ክንድዎን ያምጡ! ከላይ አንድ አጥንት፣ ከታች ሁለት፣ አንጓ፣ ይቺ ደግሞ የተጣበቀች ጣት! እርስዎና ዶሮዋ ከአንድ ጥንታዊ እንስሳ የወረሳችሁት ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲያልፍ ሥራውም ቅርጹም አብሮ ተለወጠ። እሷ አየር ትቀዝፍበታለች፣ እርስዎ ልጅ ይቆነጥጡበታል።»

«ወይ ጉዴ! ዘመዴን ነው የበላሁት?» አለች እትዬ ብርቄ።

«በጣም የሩቅ ዘመድ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን ክንዷን ስትዳብስ ቆየችና «የሌሊት ወፍስ?» አለች።

ጋሽ ቶሎሳ ያኔ የመጡበት ጉዳይ ትዝ አላቸው። «እሱን ልጅዎ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ተምራ ትነግርዎታለች።»

ሞጆ ሳልሄድ ቀረሁ። ዐሥራ ሁለተኛንም ጨረስኩ።

ጋሼ፣ የሌሊት ወፉን ነግሬያታለሁ፤ ጣቶቹ ረዝመው ቆዳ እንደተወጠረባቸው። ዘንድሮ በፋሲካ እናቴ ክንፉን እኔ ፊት አስቀመጠችና «በይ ፍቺው፣ የእትዬ ብርቄ ልጆች ይዩ» አለችኝ። ልጆቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ተሻሙብኝ። በሰላም ይረፉ ጋሼ፤ ወጡ እስከ ክርኔ ወርዷል።