መርፌው የሚያበቃበት ቀን

ከሀዋሳ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ታቦር ተራራ ሥር ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ መኪናው ቆሟል፤ ሾፌሩ ቦሌ እንዳይረፍድብን ጡሩንባውን ይነፋል፤ የጸሎት ቡድናችን መሪ ግን እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጭኖ ከአብርሃም መውጣት ጀምሮ ገና ዮሴፍ ጋ አልደረሰም። ባለቤቴ አስቴር አላለቀሰችም። ሻንጣዬን ትዘጋለች፣ እንደገና ትከፍታለች። አብራኝ መምጣት ነበረባት፤ ካናዳ ያለችው ልጃችን ምህረት የጠራችው ሁለታችንንም ነው። ነገር ግን እዚያው ሀዋሳ ዳር ቡሹሎ ያሉት እናቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል።

«እናቴን ጥዬ አልሄድም፤ አንተ ቅደም» አለችኝ።

እኔም ቀደምኩ። ስድሳ ዓመት አልፎኝ፣ መጋዝና መላጊያዬን ለሌላ አናጺ ትቼ፣ ቀደምኩ።

ካናዳ እንደደረስኩ የጉምሩኩ ሰውዬ ሻንጣዬን ፈትሾ አስቴር በፕላስቲክ ዕቃ የጠቀጠቀችልኝን ዳጣ አወጣ። «ምንድነው ይሄ?» አለኝ። «ፉድ» አልኩት። ከፍቶ አሸተተውና አስነጠሰው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይሄን ትበሉታላችሁ?» «ኤቭሪ ዴይ!» እንደ መርዝ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ጣለው። በስደቴ የመጀመሪያውን እንባ ያነባው እንግዲህ እሱ ነው።

የምህረት ቤት ለሷ፣ ለባሏና ለሕፃኗ እንኳ ስለጠበበ፣ በቅርብ ርቀት ማኑዌል ከሚባል ሚስቱ የሞተችበት ፖርቹጋላዊ ሽማግሌ ቤዝመንት ተከራዩልኝ። ቤዝመንት ማለት ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለሆነ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ እንጂ ፊቱን አታዩም። እናንተ ከሀዋሳ ሐይቅ የወጣ አሳ ወዲያው ሲጠበስ የምትበሉ ሰዎች፣ እዚህ ያለውን አሳ ብታዩት ታዝኑለታላችሁ። በረዶ ውስጥ ከርሞ ከርሞ አሳነቱን የረሳ ነው።

በመጀመሪያው ክረምት ሽንት ያስቸግረኝ ጀመር። ብርዱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ምህረት ግን ነቃችብኝ፤ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ ደም ሰጠሁ፤ ከእጢዬ ናሙና ተወሰደ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባልኩ። ወደ ሌላ ቦታ አልተሰራጨም፣ ግን ክፉ ዓይነት ነው። ለሳምንታት ጨረር ተሰጠኝ፤ ከሱ ጋር ደግሞ በየሦስት ወሩ ሆዴ ላይ የምወጋው መርፌ ታዘዘልኝ።

«ካንሰሩ የሚመገበው የወንድነት ሆርሞንዎን ነው፤ መርፌው ምግቡን ይከለክለዋል» አለች ዶክተሯ፣ ምህረት እያስተረጎመች።

«እስከ መቼ?»

«ቢያንስ ዓመት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት። እዚያ ስንደርስ አብረን እንወስናለን።»

ካንሰሩ ምግቡን ሲያጣ እኔም አብሬው ተራብኩ። ክንዴ ሟሸሸ፤ አንድ ወንበር ማንሳት እንኳ ያቅተኛል። ያለምክንያት እንባዬ ይመጣል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ድንገት ከደረቴ ተነስቶ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ግለት ነው። ውጭው በረዶ ሆኖ እኔ በላብ እጠመቃለሁ። መስኮት ስከፍት ማኑዌል እየሮጠ ይወርዳል።

«ሚስተር ማቴዎስ! ሂተሩ እኮ መንገዱን እያሞቀ ነው!»

«ሞቆኝ ነው፣ ሚስተር ማኑዌል።»

«ከአፍሪካ መጥተህ በዚህ ብርድ ሞቀህ?»

«የምወስደው መድኃኒት ነው።»

«እንግዲያው ለኔም ያዝልኝ!» አለና ሳቀ። ፊቴን ሲያየው ሳቁን ተወ። «ሟች ሚስቴንም ሃምሳ ዓመት ሲሞላት እንዲህ ያደርጋት ነበር» ብሎ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ መስኮቱ ተናግሮኝ አያውቅም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአስቴር ጨረሩንም መርፌውንም ነግሬያታለሁ። መርፌው የሚወስደውን ግን አልነገርኳትም። ስታወራኝ ድምጿ ያው ነው፣ ፊቷ ያው ነው፣ እኔ ውስጥ ግን ለሷ ይነሳ የነበረው ነገር የለም። አርባ ዓመት ያህል አብሮኝ የኖረ ናፍቆት ዝም አለ። አፈርኩ። ቪዲዮውን አጥፍቼ በድምፅ ብቻ ማውራት ጀመርኩ። ከዚያ ንግግሩንም አሳጠርኩት።

ዓመት ተኩሉ ሊሞላ ሲል በረዶ ላይ ተንሸራትቼ የእጄ አንጓ ተሰበረ። አጥንቴ እየሳሳ ነው አሉኝ። ዶክተሯም የምንወስንበት ጊዜ መድረሱን ነገረችን።

«ሦስት ዓመት» አለች ምህረት እኔ አፌን ሳልከፍት። «አባዬ ሦስቱንም ዓመት ይወስዳል።»

ዶክተሯ ግን ወደኔ ዞራ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ሐዘኔ ጠየቀችኝ። ቀጥላ ስለ ሚስቴና ስለ መኝታ የሆነ ነገር ጠየቀች። ምህረት አንገቷን ደፋች። እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም ጥያቄው ገብቶኛል። ልጄም እንደገባኝ ገብቷታል። ሁለታችንም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኩላሊት ሥዕል እናጠና ጀመር።

«ሌላ አስተርጓሚ ይኑር» አልኩ። ምህረት ወጣች። በስልክ አንድ ወንድ ተገኘልን፤ የሚነገረውን ሁሉ እንደሚተረጉም፣ ምስጢር እንደሚጠብቅ ነገረኝ። የት አገር ሆኖ እንደሚናገር አላውቅም። ፊቱን ስለማላየው ለማንም ያላወጣሁትን ሁሉ ለሱ አወጣሁ። ሆርሞኑን ብቻ ሳይሆን ሚስቴንም ወሰደብኝ አልኩት። አልፎ አልፎ ጉሮሮውን እየጠረገ ተረጎመ።

«ባቆም የድሮው ሰው እሆናለሁ?» አልኩ።

ዶክተሯ ተናገረች። ሰውዬው ተቀብሎ እንዲህ አለኝ፦ «አቶ ማቴዎስ፣ ብዙዎች ቀስ በቀስ ይመለሳሉ ነው የምትለው። በርስዎ ዕድሜ ወራት፣ ምናልባትም ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሙሉ በሙሉ የማይመለስላቸውም አሉ።»

«ብቀጥልስ?»

«ለርስዎ ዓይነት በሽታ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የተለመደ ነው። ሲረዝም በሽታው የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። ነገር ግን ከዓመት ተኩል በኋላ የሚገኘው ጥቅም እያነሰ፣ አጥንትዎ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እየጨመረ ይሄዳል። ማቆሙም ጥፋት አይደለም፣ መቀጠሉም ጥፋት አይደለም።»

ጥፋት የሌለበትን ነገር መምረጥ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ብቀጥል እዚሁ ነኝ፤ ሀዋሳ ያለ አንድ የማውቀው ፋርማሲስት መርፌው አዲስ አበባ አንዳንዴ እንደሚገኝ፣ አንዳንዴ እንደሚጠፋ፣ በየሦስት ወሩ አገኛለሁ ብሎ ቃል ሊገባልኝ እንደማይችል ነግሮኛል። ባቆም ደግሞ አገሬ እገባለሁ። ምናልባት በሽታውን አስከትዬ።

ወስኛለሁ፣ አቆማለሁ ብዬ ለአስቴር ደወልኩ። ከማቆሜ በፊት ግን ለምን እንደማቆም መናገር ነበረብኝ። እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ስጨርስ ስታለቅስ ሰማኋት።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለች። «ማቴ፣ ይሄ ብቻ ነው?»

«ብቻ ትያለሽ?»

«እኔ እኮ እዚያ ሴት ያዘ ብዬ ነበር! ቪዲዮውን ስታጠፋብኝ ከጎኑ የተቀመጠች አለች ብዬ ዓመት ሙሉ ተቃጠልኩ። ምህረትን እንኳ መጠየቅ አፍሬ!»

ሴት! እኔ ላብ ባጠመቀው አንሶላ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። ስቄም አለቀስኩ። ሁለታችንም ለየብቻችን ስንት ነገር ቻልን!

«በቃ አቆመዋለሁ፣ እመጣለሁ» አልኳት።

«አይሆንም።» ድምጿ ጠነከረ። «እናቴ እዚህ በእጄ ላይ እያለቀች ነው። አንተም በተራህ አስታምሚኝ ትለኛለህ? ደካማ ሆነህ ና፣ ሽማግሌ ሆነህ ና፣ እንደ ወንድም ሆነህ ና። ለመሞት ግን አትምጣብኝ።»

ተከራከርን። በመጨረሻ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ልወስድ ተስማማን፤ ምህረት እያጉረመረመች፣ ዶክተሯም ጥሩ ነው ብላ ተቀበለች፤ ለአጥንቴም መድኃኒት ጨመረችልኝ። የመጨረሻውን መርፌ የወጋችኝ ነርስ «ኮንግራጁሌሽንስ» ብላ እጄን ጨበጠችኝ። 

በዚያው ሰሞን የአስቴር እናት ወደ ጌታ ሄዱ። አፈር ሲለብሱ አልነበርኩም። አልጋቸውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ የሬሳ ሣጥናቸውን ሌላ አናጺ ሠራው።

አሁን መርፌው ከቆመ ወራት ተቆጥረዋል። ግለቱ ቀንሷል፤ ሌላው ግን እስካሁን አልተመለሰም። ቪዲዮውን አላጠፋም። ትናንት ስደውልላት አስቴር እናቷ የሌሉበት ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ደሜ ለጊዜው ደህና ነው» አልኳት። «ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ይመረመራል። እሱን አይቼ እመጣለሁ።»

«ከሱ በኋላስ ምርመራ የለም?»

«አለ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

 በስልኩ ውስጥ ጣሪያው ድንገት ሲንኳኳ ሰማሁ፤ የሀዋሳ ዝናብ መጥቷል።

«ማቴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ ድምፅህ አይሰማኝም» አለች። «ጮክ ብለህ ተናገር።»

ጮክ ብዬ የምናገረው ግን አልነበረኝም።