አኖ ለወጥ ቤት መኪና የሰገደ ዕለት

ዛሬ ለልጅ ልጄ ሚስት ልንጠይቅ ከነቀምቴ አኖ ሄደን፣ በገዛ አፌ ሽምግልናውን ላፈርሰው ነበር።

በጃንሆይ ዘመን፣ ንጉሡ ወደ ነቀምቴ ሲያልፉ የአኖ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ መጀመሪያ ለመጣው መኪና ሰገደ። የወጥ ቤት ዕቃ የጫነ ነበር! ጃንሆይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል።

ይህንን እዚያው አወራሁት። ሟች ሚስቴ ብትኖር እግሬን ትረግጠኝ ነበር።

የልጅቷ አያት ፊታቸው ጠቆረ። "ኦቦ ፈይሳ፣ መጀመሪያ የሰገድኩት እኔ ነኝ። ድስቱ ላይ ተቀምጦ እንደ ንጉሥ እጁን ያወዛወዘልን ግን የነቀምቴ ሰው ነው!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"ልጅቷን ሰጥተናል" አሉ። "እዚያ ቤት አፍዎን የሚዘጋ የአኖ ሰው ያስፈልጋል።"

የጊምቢ፣ የሻምቡ፣ የደምቢ ዶሎ ሰዎች፣ አባቶቻችሁ የደበቁትን እዚህ አውጡት። ነቀምቴን ግን እንዳትነኩ!